የአባቴ እጅና ውሃ የጠማው ግድግዳ

ትዝታ ማውራት የሚወዱ ሰዎች አሉ። እኔን ያደክመኛል። ባለፈው ጥር ለአንድ ጉዳይ ሀርጌሳ ስሄድም ሁለት ቀን አድሬ ልመለስ እንጂ የድሮ ሰፈር ልጎበኝ አልነበረም ሐሳቤ። ከአየር ማረፊያው የያዝኩት ታክሲ ሃያ ስድስት ጁን በሚባለው ሰፈር ሲያልፍ ግን መንገድ ዳር አዲስ ፎቅ ይለሰን ነበር። አንድ ሠራተኛ በጎማ ቱቦ ግድግዳውን ውሃ ያጠጣል። የታክሲው መስኮት ክፍት ነበርና የረጠበ ሲሚንቶ ሽታ ገባ።

የረጠበ ሲሚንቶ መጀመሪያ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ትንሽ ቆይቶ ነው አፍንጫን ጫር የሚያደርገው። መዳፌን አሳከከኝ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና በሶማልኛ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ፤ ደህና ነኝ አልኩት። ደህናስ አልነበርኩም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ቢጫ ጀሪካን ይዤ፣ ግድግዳ ፊት ቆሜ።

ያኔ ከተማው ከጦርነት ወጥቶ ጣራ የሚፈልግበት ጊዜ ነው። ቤቶቹ ግድግዳ አላቸው፣ ጣራ የላቸውም። ግድግዳቸውም በጥይት ተበሳስቷል። ከስደተኛ ካምፕ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ፍራሹን ሳያወርድ ለሳኝ ያፈላልጋል። አባቴ እንድሪስ ለሳኝ ነበር፤ ከኮምቦልቻ ወጣ ካለች መንደር የመጣ ወሎዬ። እናቴ ታማ ከሞተች በኋላ እሱ ሥራውን ይዞ ወደ ሀርጌሳ ሲሄድ አክስቴ ልታስቀረኝ ፈለገች። "ሴት ልጅ በለሳኝ መሃል አታድግም" አለችው። "አንድ ዓመት እንሞክራለን፤ ካልሆነ እልክልሻለሁ" አላት። ከእናቴ ዕቃ ይዤ የመጣሁት አንዲት አረንጓዴ ሻሽ ብቻ ነበር፤ ስስ፣ ሲነኳት እንኳ የምታመልጥ። ከራሴ ላይ አላወርዳትም።

የተከራየነው ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር፣ የቆርቆሮ ጣራ ያላት አንዲት ክፍል ነው። ጠዋት ከቁርአን ትምህርት ቤት እመለሳለሁ፣ ከዚያ ጀሪካኔን ይዤ አባ ወደሚሠራበት ቤት ሃያ ስድስት ጁን እሄዳለሁ። ሥራዬ ግድግዳ ውሃ ማጠጣት ነበር። ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል። አዲስ ልስን ግን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሳምንት ያህል ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ውሃው ብቻውንም አይበቃም፤ እርጥብ ጆንያ ይለብሳል። አባ የመጀመሪያ ቀን ሲያሳየኝ እንዲህ አለኝ፦

"ግድግዳ እንደ ሕፃን ነው ከድጃ። አጥበሽው ካላለበስሽው ይታመማል። በዚህ ነፋስ ሳትሸፍኚ ውሃ ብታፈሺ ነፋሱን ነው ያጠጣሽው።"

ነፋሱ እውነትም ይጠጣል። ሶማሌዎቹ ጂላል የሚሉት የበጋው ድርቅ ወቅት ነበር። ዝናብ የለም፣ ደመናም የለም፤ ቀኑን ሙሉ አቧራ ይዞ የሚዞር ደረቅ ነፋስ ብቻ። ውሃ በአህያ ጋሪ ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን ይቀራል። ከንፈራችን ተላጠ። እግሬ አመድ የነሰነሱበት መሰለ፤ በጥፍር ሲጫር ነጭ መስመር ይወጣዋል። እኔና ቁርአን ቤት አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች ይህን እንደ ጸጋ ነበር ያየነው። ሸኩ የሚያስጽፉን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው፤ እኛ ግን ፊታቸውን ሲያዞሩ ቅልጥማችን ላይ እንጽፋለን። አሊፍ ለመጻፍ የኔን ቅልጥም የሚያህል አልነበረም። አንዱን ጽፌ በምራቅ አጠፋውና ሌላውን እጽፋለሁ።

የአባ ቆዳ ግን የሚጻፍበት አልነበረም፤ ራሱ ተጽፎ ያለቀ ነው። ተረከዙ ንቃቃት በንቃቃት ሆኖ ሳንቲም ይውጣል። የእጁ ጀርባ ነጭ፣ ጣቶቹ መታጠፊያ ላይ የተሰነጠቁ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አንድ ቀይ ስንጥቅ ያለበት። ሥራ ሲጨርስ ግድግዳውን የሚፈትነው ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ነበር፤ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ያሻሸዋል፣ ሻካራ ነገር ካገኘ ይመለስበታል። በዚያ ጂላል መሃል መዳፉን ትቶ ጉንጩን ማስጠጋት ጀመረ። ለምን ብዬ ስጠይቀው "እጄ መስማት ትቷል" አለኝ።

እኔ የገባኝ በሌላ መንገድ ነው። ሲሚንቶው ደሙ ውስጥ ገብቷል፣ አባ ከእጁ ጀምሮ ግድግዳ እየሆነ ነው ብዬ አመንኩ። የከተማውን ግድግዳ ሁሉ ተሰነጣጥቆ አይቼዋለሁ፤ በሽታው ከግድግዳ ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ማን እንደነገረኝ አላውቅም፣ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። አንድ ቀን ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ሲወስደው ጉልበቱን በጣቴ አንኳኳሁት። ባዶ ድምፅ ይሰጣል ብዬ ነው። ዓይኑን ሳይገልጥ "ማን ነው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"ግቢ" አለና ተመልሶ ተኛ።

ሌሎቹ ለሳኞችም እጃቸው ይደርቃል፤ የአባን ያህል ግን አልነበረም። ምክንያቱን በኋላ ነው ያወቅነው። አባ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት፣ ጠንቃቃ ነበር። ሲሚንቶ ቆዳ ላይ ደርቆ ከቀረ ውሃ አያስገባም፤ ውሃ ካልነካው ደግሞ ትጥበቱ አይሞላም። ይህን አባቱ አስተምረውታል፤ ልክም ነው። ስለዚህ ለየሶላቱ እጁን እስከ ክርኑ በዱቄት ሳሙና ይፈትጋል፣ በሻካራ ድንጋይ ይፍቃል፤ ለንጋቱ ሶላት ለሱብሂ እንኳ፣ ሲሚንቶ ሳይነካ ካደረ እጅ ላይ፣ ድንጋዩን ያነሳል። ታዲያ ልፋቱ እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። አባ ከዚህ አልፎ ዘይትም፣ ቅቤም፣ ቫዝሊንም አይነካም። "ውሃ ቅባት ላይ ይንሸራተታል፤ ውዱእ አይዝም" ይላል። አብረውት የሚሠሩት ልጆች ማታ ማታ የሰሊጥ ዘይት ሲቀቡ እሱ በደረቅ እጁ ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። አንዱ ሎሚ ፍቱን ነው ብሎት ሎሚ ጨመቀበት፤ ያን ቀን አባ ዝም ብሎ ከግቢው ወጥቶ መንገዱን ዞሮ ተመለሰ። ዓይኑ እንባ ነበረው።

ግድግዳው የተሰነጠቀው በዚህ መሃል ነው። እኔ ነኝ ያሰነጠቅኩት።

ቤቱ የሀጂ ዩሱፍ ነበር። ሀጂ ዩሱፍ ጅጅጋ ለብዙ ዓመት የነገዱ፣ አማርኛ የሚያውቁ፣ በሰፈሩ ትንሽ መስጊድ የሚያሰግዱ ሽማግሌ ናቸው። አባ የእንግዳ ክፍላቸውን ለስኖ ለሌላ ሥራ ወጣ። "የቀትሩን ውሃ እንዳትረሺ" ብሎኝ ነበር። የቁርአን ቤት ጓደኞቼ ግን ሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ አስተምሪን ብለው መጡ። መስመሩን በከሰል አሰመርኩላቸው፤ ተራ የምትጠብቀዋ የምትቀመጥበት አጣች። ከግድግዳው ላይ ጆንያዎቹን አወረድኩና አነጠፍኩ። ውሃውንም ረሳሁት። ነፋሱ ቀትሩን ሙሉ ግድግዳው ላይ ዋለ።

ለአስር፣ ለከሰዓቱ ሶላት፣ አባና ሀጂ ዩሱፍ አብረው ሲገቡ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር መረብ ሆኗል።

"እንድሪስ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ሀጂ ዩሱፍ።

አባ ግድግዳውን አየ። መሬት ላይ የተነጠፈውን ጆንያ አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ ዓይኑን መለሰና "የኔ ጥፋት ነው ሀጂ። ጥድፊያ ይዞኝ ፀሐይ ላይ ለሰንኩት። አፍርሼ እሠራዋለሁ" አላቸው።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ራሴ ሰደደና ሻሼ ላይ ሳያሳርፈው መለሰው። በማግስቱም እንዲሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሳይዳብሰኝ ያደረበት ቀን አላስታውስም። ጠልቶኛል አልኩ። ጠላኝ ብቻ ሳይሆን በእኔ ፋንታ ዋሽቷል፣ አባ ዋሽቶ አያውቅም፣ ስለዚህ በውሸቱም የጠላኝ መሰለኝ። የልጅ ሂሳብ እንዲህ ነው፤ አንዱን ከአንዱ ይደምርና ሁሌ ራሱ ላይ ይደርሳል።

ግድግዳውን አፍርሶ ለሰነው። የተሰነጠቀ እጁ ውስጥ ሦስት ቀን ትኩስ ሲሚንቶ ገባ። በአራተኛው ቀን ቀኝ እጁ አብጦ የልስን ማንኪያውን መጨበጥ አቃተው። ማንኪያው ወደቀ፤ አነሳው፤ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ አላነሳውም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እንደዚያ ደክሞት አይቼው አላውቅም ነበር፤ ትከሻው ራሱ ሰው ያወረደው ሸክም ይመስል ነበር።

ያን ዕለት ወደ ጅጅጋ ጭነት የሚያመላልሰውን አብዲ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር አነጋገረው። ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ደግሞ ነገረኝ።

"አብዲ በሁለት ሳምንት ይመለሳል። ያኔ ይዞሽ ይሄዳል። ከጅጅጋ ወዲያ ለአክስትሽ የሚያደርስሽ ሰው አለው።"

"አንተስ?"

"እኔማ..." እጁን አየው። "እጅ የሌለው ለሳኝ ልጅ አያሳድግም ከድጃ።"

አላለቀስኩም። ያጠፋ ሰው አያለቅስም ብዬ ነው። ጠዋት ግን ከቁርአን ቤት ቀረሁና ባዶ የሻይ ጣሳ ይዤ ወደ ኤዶ ሳህራ ኪዮስክ ሄድኩ።

ኤዶ በሶማልኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ለትልልቅ ሴቶችም ይባላል። ኤዶ ሳህራ ድሬዳዋ ያደጉ፣ እዚያው ነርስ ሆነው ሠርተው ያረጁ የሀርጌሳ ሴት ነበሩ። ጋአን ሊባህ ውስጥ በቆርቆሮ ኪዮስክ መድኃኒት ይሸጣሉ። አማርኛቸው የድሬ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ አንቺ ይላሉ። አባ "ድሬዎች አንቱታ አልፈጠረባቸውም" እያለ ይስቃል።

"ቫዝሊን ይስጡኝ፤ ጣሳውን እስኪሞላ" አልኳቸው።

ጣሳውን አላዩትም። ከባንኮኒው በላይ አጎንብሰው እግሬን አዩ። "ምንድን ነው የጻፍሽበት?"

"አሊፍ። ባ። ታ።"

"ጥሩ የእጅ ጽሕፈት አለሽ። ግን ቆዳ ሰሌዳ አይደለም አቦ። ቫዝሊኑ ለዚህ ነው?"

"ለአባ ነው። ግድግዳ እየሆነ ነው።"

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ስለ እጁ፣ ስለ እብጠቱ፣ ስለ ሳሙናውና ስለ ድንጋዩ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ ኪዮስካቸውን ዘግተው ቦርሳቸውን ይዘው ተከተሉኝ።

አባ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኤዶ ሳህራ ሰላምታም ሳይጨርሱ እጁን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት።

"እንድሪስ፣ በዚህ እጅ ነው የምትሠራው?"

"አልሠራም፤ አቁሜያለሁ። እርስዎን ማን አስቸገረዎት?"

"ልጅህ። አንተ አፍ የለህም?"

ውሃ አፈሉና አቀዘቀዙት፤ ስንጥቁን ቀስ ብለው አጠቡለት። የሚመግለውን ቦታ መድኃኒት ቀቡለት፣ የሚዋጥም ሰጡት። እብጠቱ ወደ ክንድ ከወጣ ወይ ትኩሳት ከመጣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል እንዲሄድ አስጠነቀቁት። ለሌላው ደረቅ ቆዳው "ይሄ ውሃ የጠማው ነው" ብለው ቫዝሊኑን ሲያወጡ አባ እጁን ሰበሰበ።

"እሱን አልቀባም።"

"ለምን?"

"ውዱእ አይዝልኝም።"

ኤዶ ሳህራ ቫዝሊኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በረጅሙ ተነፈሱ። እሳቸውም ደክሟቸው ነበር፤ አሁን ሳስበው ያኔ ያልደከመው ሰው በከተማው ውስጥ አልነበረም። "የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ልትጥል! ውዱእህን ስትጠብቅ የምታጥበውን እጅ ልታጣው ነው እኮ። ለሃይማኖቱ እኔ አልፈርድም። አዋቂ አምጥቼ ትሰማለህ" አሉት።

አዋቂው በማግስቱ ከአስር ሶላት በኋላ መጡ። ሀጂ ዩሱፍ ነበሩ። በሽተኛ ሊጠይቁ ወተት ይዘው፣ ከኤዶ ሳህራ ጋር። እኔ ስለ ግድግዳው ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ በሩ ኋላ ተደበቅኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘረጉና ለአባ አሳዩት።

"ንካው እንድሪስ።"

አባ በግራ እጁ ነካው። ለስላሳ ነበር፣ የሰሊጥ ዘይት የሚሸት።

"ቀብቼ ነው የሰገድኩት። ያሰገድኩትም። ሲሚንቶ ጠጣር አካል አለው፣ ውሃ ይከለክላል፤ ትፍቀዋለህ። ሊጥም፣ ሰምም እንደዚያው ነው። ዘይት ግን ቆዳው ይጠጣዋል፤ ውሃው አልፎ ይነካል። ይህን ማንም የሃይማኖት ዓሊም ይነግርሃል። አላህ በማይጠይቅህ ነገር ራስህን ለምን ትቀጣለህ?"

አባ ሃይማኖቱን ሲያስረዱት ተቀበለ፤ ግን ወሎዬ ነው፣ በአንድ በኩል ሲሸነፍ በሌላ በኩል ይመጣል። ወደ ኤዶ ሳህራ ዞረ።

"እሺ ይሁን። ቆዳዬ ውሃ ጠምቶታል አሉኝ። በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠብ እጅ እንዴት ነው ውሃ የሚጠማው? ይሄ የሚታመን ነው?"

ኤዶ ሳህራ መልስ ሲፈልጉ ሳይታወቀኝ ከበሩ ኋላ ተናገርኩ።

"ሳይሸፈን ስለሚታጠብ ነዋ።"

ሁሉም ዞሩ። መመለስ አልቻልኩም።

"አንተ ነህ ያልከው አባ። ግድግዳ አጥበሽው ካላለበስሽው ይታመማል። ሳትሸፍኚ ብታፈሺ ነፋሱን ነው ያጠጣሽው። አንተ ሁሌ ታጥበህ ለነፋሱ ነው የምትሰጠው። ጆንያ አታለብሰውም።"

ኤዶ ሳህራ መሳቅ ጀመሩ፤ ሀጂ ዩሱፍም። "አቦ! ሰላሳ ዓመት ነርስ ሆኜ እንዲህ አድርጌ ማስረዳት አልቻልኩም" አሉ። "ይኸው ነው እንድሪስ። ቫዝሊኑ ውሃ አይደለም፣ ጆንያ ነው። እጅህን ታጥበህ በጨርቅ ጠፍ ጠፍ አድርገው፣ አትፈትገው፤ ገና እርጥብ እያለ ትቀባዋለህ። ሳሙናህን ለስላሳ አድርገው፣ ድንጋዩን ጣለው። በሞቀ ውሃ አትቆይ። እስኪድን ሲሚንቶ አትንካ። ከዳነ በኋላም በጓንት።"

አባ አልሳቀም። እኔን ነበር የሚያየው። ምን እያሰበ እንደሆነ አልገባኝም፤ የተናደደ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ተቀየረ። ጀሪካኑ ቀርቶ ጣሳው መጣ። ከየውዱኡ በኋላ አባ ፊቴ ይቀመጣል፤ የሚመግለውን ቦታ ትቼ እጁን፣ ክንዱን፣ ተረከዙን እቀባዋለሁ፤ ካልሲ አለብሰዋለሁ፣ እጁን በታጠበ ጨርቅ እሸፍናለሁ። ሳሙናው ተለወጠ፤ ድንጋዩን ራሴ ወስጄ ጎረቤት ፍርስራሽ ላይ ወረወርኩት። እብጠቱ በሳምንት ጎደለ። ተረከዙ ግን ከዚያም በላይ ፈጀ፤ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያልኩ ስቀባው "አብዲ ግን በመኪና ነው የሚሄደው" ይለኛል። ቀልዱ ነበር። እኔን አያስቀኝም። ቀኑን በጣቴ እቆጥር ነበር፤ አሥራ አንድ፣ አሥር፣ ዘጠኝ።

ከጣሳው የተረፈውን እግሬን እቀባ ነበር። አንድ ጠዋት ቁርአን ቤት ውስጥ ቅልጥሜ ላይ አሊፍ ልጽፍ ብል አልወጣም አለኝ። ጥፍሬ ተንሸራተተ። አጠገቤ ያለችው ልጅ "አንቺ ተበላሽተሻል" አለችኝ። እውነት ለመናገር ከፋኝ።

በመጨረሻው ሳምንት አባ ሥራው ቦታ እየሄደ ቁጭ ብሎ ሌሎቹን ያዝዝ ጀመር። እሁድ ቀን ግራ እጁን በስሱ ቀብቶ፣ በጓንት፣ አንዲት ጥግ ለሰነ። ለዙህር ሲታጠብ ጠራኝ። ከጓንቱ ሾልኮ ክንዱ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ነበር። ውሃ አፈሰሰበት፤ ቅባቱ ከሥሩ ስለነበረ ሲሚንቶው ያለ ድንጋይ፣ ያለ ፍተጋ ልቅቅ ብሎ ወረደ። ደጋግሞ አየው። "ሱብሃነላህ" አለ። "ስፈራው የኖርኩት ነገር ውዱኤን አቀለለልኝ።" ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ለራሱ፣ "ስንት ዓመት" አለ። ድምፁ ደስታ አልነበረውም። በከንቱ የለፋ ሰው ድምፅ ነበር።

የአብዲ መኪና ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ልብሴ በአንድ ፌስታል ተቋጥሮ ነበር፤ አባ ነው የቋጠረው። ከነገረኝ ወዲያ፣ ከዚያች ቀልዱ በቀር፣ አንድ ቀንም ስለ መሄዴ አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በሩ ላይ ቆምን። አብዲ ሞተሩን አላጠፋም። ሳልነግረው መሄድ አልቻልኩም።

"አባ፣ ግድግዳውን እኔ ነኝ ያሰነጠቅኩት። ጆንያውን አውርጄ ተቀመጥንበት። ውሃውንም ረሳሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቃለህ?"

"ልስን አንባቢ ነኝ እኮ። ፀሐይ የሰነጠቀውና ነፋስ የሰነጠቀው አንድ አይደለም። ደግሞ ጆንያው ላይ የመቀመጫችሁ ምልክት ነበር።"

"ለዚያ ነው የጠላኸኝ?"

ግንባሩን ቋጠረ። "ማን ጠላሽ?"

"ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን ዳብሰኸኝ አታውቅም።"

አባ ጎንበስ ብሎ የሻሼን ጫፍ ያዘ፣ በጣቱ አንድ ቦታ አሳየኝ። ከግንባሬ በስተቀኝ በኩል አንድ ክር ተመዝዞ ወጥቷል፤ አጭር፣ አረንጓዴ፣ አይቼው የማላውቀው። "ይሄን እኔ ነኝ የመዘዝኩት" አለ። "ግድግዳው የተሰነጠቀ ቀን፣ ጠዋት ስትወጪ ስዳብስሽ እጄ ያዘው። የእናትሽ ሻሽ ነው። ሁለተኛ ብነካት ትተረተርብኛለች ብዬ ፈራሁ።"

አብዲ ጥሩምባ ነፋ።

አባ የቀኝ እጁን ጨርቅ ፈታ። አውራ ጣቱ ሥር ስንጥቁ ገጥሞ ቀይ መስመር ብቻ ቀርቶ ነበር። ዓይኑን ጨፈነ። መዳፉን ራሴ ላይ አሳረፈና ከግንባሬ ወደ ማጅራቴ ቀስ ብሎ ወሰደው፣ እየሰማ፣ ጥግ ሳያስቀር። መለሰና እንደገና ወሰደው። እጁ ከብዶ ነበር፣ የሞቀ፣ ትንሽ ቫዝሊን የሚሸት። ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ።

"አልያዘም" አለ።

ዓይኑን ገለጠና ወደ መኪናው ሄደ። ለአብዲ ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ሞተሩ ይጮህ ነበር። አብዲ እጁን አውለበለበና አቧራውን አስነስቶ ሄደ። መደሰት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ደፉ ላይ ተቀመጥኩ፣ እዚያው ብተኛ ደስ ባለኝ።

አባ ተመልሶ ፌስታሉን ወደ ውስጥ ወረወረና ቢጫውን ጀሪካን ከበሩ ኋላ አውጥቶ እግሬ ሥር አቆመው።

"ተነሺ" አለኝ። "ከእሁድ ጀምሮ ያቺን ጥግ ውሃ ያጠጣት የለም።"